ተማሪዎችን ለኢንተርኔት ሕይወት ማዘጋጀት፦ ያለ ስልክ፣ በጠመኔና በወረቀት

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ የክፍል ኃላፊ ሆኜ ከምመራው የ7ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ለአራት ቀናት ቀረች። እናቷ በመጀመሪያ ታማለች ብለው ልከው ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ግን ራሳቸው መጡና ስልካቸውን አውጥተው አንድ ምስል አሳዩኝ። ልጅቷ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማ ስታዛጋ ተደብቆ በገባ ስልክ የተነሳች ፎቶ ነው። ፊቷ ብቻ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከሥሩ የስድብ ቃል ተጽፎበት፣ የቴሌግራም ስቲከር ሆኖ የክፍሉ ልጆች በፈጠሩት ግሩፕ ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲመላለስ ሰንብቷል። ስቲከሩን የሠራው ልጅ ደብተር ለረሳ ጓደኛው ወረቀት ቀዶ የሚያካፍል፣ ለታላላቆቹ ከመቀመጫው የሚነሳ ልጅ ነው። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ ስታለቅስ አላየኋትም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን መልስ ሳላስታውስ ክፍል የገባሁበት ጊዜ የለም። ልጆቻችንን ከክፉ ንግግር የሚያቅባቸው ትልቁ ልጓም ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ የሰው ፊት ይፈልጋል። በግቢ ውስጥ የጓደኛው ፊት ሲለዋወጥና ዓይኗ እንባ ሲያቀር ያየ ልጅ ማንም ሳይነግረው ያቆማል። በስልክ ላይ ግን የሚታየው የላኪው የራሱ ጣትና የሌሎች የሳቅ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪን ለኢንተርኔት ሕይወት የሚያዘጋጅ መምህር በዋናነት የሚያለማምደው ሦስት ነገር ይመስለኛል፤ በውስጥ የሚነሳን ስሜት በስሙ መጥራት፣ እጅን ለጥቂት ጊዜ መግታት፣ እንዲሁም ከስክሪኑ ወዲያ ያለውን የማይታይ ፊት ማየት። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ በክፍሌ የምሠራበትን መንገድ ነው።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት

የማስተምረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ልጆቹ ቤት በዕጣ ደርሷቸው ከመሀል ከተማ ከመጡ ቤተሰቦች፣ ቀድሞ በአካባቢው ያርሱ ከነበሩ ገበሬዎች ቤት፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው በኪራይ ከሚኖሩ ሰዎች ዘንድ የተሰባሰቡ ናቸው። አብረው ያደጉበት የጋራ ሰፈር ስለሌላቸው ለብዙዎቹ ሰፈር የሆናቸው የቴሌግራም ግሩፑ ነው፤ ከዚያ መባረር ከሰፈር እንደ መባረር ይሰማቸዋል። ይህን ያልተረዳ መምህር «ከግሩፑ ውጣና ተገላገል» የሚል ምክር ይሰጣል፤ ልጁም ይህ መምህር ችግሬን አልተረዳም ብሎ ዳግም አይመጣም።

በግቢው ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ብዙዎቹም የሚጠቀሙት ማታ ከሥራ የሚመለሱ እናታቸውን ወይም ታላቅ ወንድማቸውን ስልክ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ስልክ የሚጠይቅ ከሆነ ገና ሳይጀመር ይቀራል። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ከአሮጌ ደብተር የተቀደደ ወረቀትና በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ የምወስደው ከዜግነት ትምህርት ሲሆን፣ ሌሎች ባልደረቦቼ በክበብ ሰዓት ያደርጉታል።

በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካሰል የተባለ ተቋም ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎትን በአምስት ይከፍለዋል፤ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ሁኔታ መረዳት፣ ግንኙነትን መጠበቅና ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መስጠት። ክፍፍሉ ለዕቅድ ይጠቅማል፤ ለተማሪዎቹ ግን በዝርዝር አላስነብበውም፤ ቃሎቹን ሸምድደው ለፈተና ከማዋል ያለፈ ነገር ስለማያደርጉበት ነው።

ስሜትን በስሙ መጥራት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለ ኢንተርኔት አንድም ቃል ባያነሡ ይመረጣል። ሰሌዳው ላይ የሰው ቅርጽ ይሳሉና «ስትናደዱ ንዴቱ ከየት ይጀምራል?» ብለው ይጠይቁ። አማርኛ በዚህ ረገድ መምህሩን በእጅጉ ያግዘዋል፤ ስሜትን ከአካል ጋር አያይዞ የሚናገር ቋንቋ ስለሆነ ልጆቹ መልሱን ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ደሜ ፈላ፣ አንጀቴ አረረ፣ ሆዴ ባሰኝ፣ ፊቴ ጋለ፣ ሳግ ተናነቀኝ፣ ልቤ ተሰቀለ፣ ኩምሽሽ አልኩ ይላሉ። እያንዳንዱን ቃል በሥዕሉ ላይ በየቦታው ይጻፉት። ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች የራሳቸውን ቃል አምጥተው ለክፍሉ እንዲያስረዱ ይጋብዙ፤ በሌላ ጊዜ ድምፃቸው የማይሰማ ተማሪዎች በዚህ ቀን አስተማሪ ሲሆኑ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ረቂቅ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ብዙ ጊዜ «ተናደድኩ» የሚል ልጅ ውስጡ ሲታይ የተከፋ፣ ያፈረ ወይም የቀና ሆኖ ይገኛል። አንድ ተማሪ ጓደኛው መልእክቱን አይቶ ዝም ስላለው በስድብ እንዳጥለቀለቀው ነገረኝ። ቆይተን ስንነጋገር፣ «እኔን ትተው ኳስ ሊጫወቱ የሄዱ መሰለኝ» አለ። የሆድ መባስን ንዴት ብሎ ስለጠራው የተከተለው መንገድ የንዴት ሆነ፤ በትክክለኛ ስሙ ቢጠራው ኖሮ «የት ናችሁ? እኔም ልምጣ?» ብሎ ይጽፍ ነበር። ይህን ታሪክ የልጁን ማንነት ለውጬ፣ ፈቃዱንም ጠይቄ፣ በየዓመቱ እናገረዋለሁ። በዚህ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሊያስወግደው የሚገባ ልማድ ቢኖር «እንዲህ ሊሰማህ አይገባም» የሚለው እርማት ነው። የሚታረመው ድርጊት ስለሆነ፣ ስሜቱን የተናገረን ልጅ መጀመሪያ ማድመጥ ይበቃል።

ጣትን መግታት

ይህን ልምምድ ከእረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ያድርጉት። «የነገራችሁትን ምስጢር ጓደኛችሁ ግሩፕ ውስጥ አወጣው» የሚል ሁኔታ ይስጡና በዚያው ቅጽበት የሚልኩትን መልስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ፣ ከዚያም አጥፈው ኪሳቸው እንዲከቱት ያድርጉ። ለእረፍት ይውጡ፣ ይሩጡ፣ ውሃ ይጠጡ። ሲመለሱ ወረቀቱን ከፍተው ለራሳቸው እንዲያነቡና «አሁንም እልከዋለሁ ወይ?» ብለው እንዲያስቡ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ወረቀቱን ሲጨማድዱት ያያሉ። «አዎ፣ አሁንም እልከዋለሁ» የሚሉም አይጠፉም፤ እነሱን መገሠጽ አይገባም፣ በእርግጥ ተበድለዋልና። ከእነሱ የሚፈለገው ያንኑ ቅሬታ ሌላው ሰው ያደረገውን፣ ራሳቸው የተሰማቸውንና የሚፈልጉትን ለይተው በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉት ነው። «ምስጢሬን ግሩፕ ላይ አወጣኸው። በጣም አፈርኩ። እንድታጠፋውና ለምን እንዳደረግከው በአካል እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ» የሚል መልእክት ክብሩን ያልጣለ ቁጣ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን አባባል ልጆቹ ያውቁታል፤ ለስልክ ሲሆን ግን «እናጠፋዋለን» ይላሉ። ቴሌግራም በእርግጥ የላኩትን መልእክት ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ያስችላል። ይሁን እንጂ በመሀል ስክሪንሾት ያነሳ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ያስተላለፈ ሰው ዘንድ ያለውን ቅጂ አያጠፋውም፤ ይህን በሰሌዳው ላይ በቀስት እየሳሉ ማሳየት ያስፈልጋል። በድምፅ የሚላክ መልእክት ደግሞ ከጽሑፍ ይልቅ ስሜትን ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ በንዴት ጊዜ ድምፅ አለመቅዳትን እንደ ራሱ የቻለ ደንብ አስተምረዋለሁ።

የመታገሻውን ልክ ልጆቹ ራሳቸው ቢወስኑት ይሻላል። «አሥር ቁጠር» የሚለው ምክር ለእኛ ተማሪዎች አልሠራም። አንዱ «ጀበናው እስኪፈላ» አለ፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ተማሪ ደግሞ «ጀሪካን ይዤ ወርጄ ውሃ ቀድቼ እስክመለስ» አለች። ከቤታቸው የወጣ ልክ ስለሆነ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ጽፈን ሰቀልናቸው።

የማይታየውን ፊት ማየት

ሁለት ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ። መምህሩ ራሱ በጻፋቸው ወረቀቶች ላይ ሰዎች በቲክቶክ ቪዲዮ ሥር የሚጽፏቸው ዓይነት አስተያየቶች ይኑሩ፤ «ጫማህን ከየት አገኘኸው?»፣ «ድምፅሽ ይረብሻል፣ ተይው» የመሳሰሉ፣ ቀላል ግን የሚቆረቁሩ። አንዱ መጀመሪያ ወረቀቱን በልቡ ያንብብ፤ ቀጥሎ ያኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ ጮክ ብሎ ይበለው። አብዛኞቹ ሁለተኛውን ማድረግ ያቅታቸዋል፤ ይስቃሉ፣ ወደ ጣሪያ ያያሉ፣ ድምፃቸው ይሰለላል። እዚያ ላይ ያቁሟቸውና «ምን ያዘህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ይሉኝታ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። በዚህ ልምምድ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የሰውነት ጉድለትን ወይም በክፍሉ በእውነት የተባለን ስድብ በፍጹም አያስገቡ፤ ተበድላ የምታውቅ ተማሪም የተበዳይን ቦታ እንድትይዝ አይደረግም።

ስለ ይሉኝታ ሲያስተምሩ ግን በምስጋና ብቻ አይለፉት። ልጅን ከመሳደብ የሚያግደው ያው ይሉኝታ፣ የተሰደበችውን ልጅ አፏን ይዞ ያስቀራታል። የእኔዋ ተማሪ አራት ቀን አልጋ ላይ የተኛችው «ምን ይሉኛል» ብላ ነው። የማታውቀው ሰው ፎቶ ላኪ ብሎ ሲያስጨንቃት፣ ከዚያም ለቤተሰብሽ እናገራለሁ ብሎ ሲያስፈራራት ዝም የምትል ልጅም የምትታሰረው በዚሁ ገመድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በግልጽ ቋንቋ ማስቀመጥ ይገባል፤ ይሉኝታ ሌላውን ላለመጉዳት የምንጠቀምበት ነው፣ የተደረገብንን በደል ለመደበቅ ግን አይውልም። ይህን ከተናገሩ በኋላ በክፍሉ ዝምታ ቢሰፍን አይደንግጡ፣ በሌላ ወሬም አይሸፍኑት። በሚቀጥሉት ቀናት በእረፍት ሰዓት «ቲቸር፣ አንዴ ላናግርዎት» የሚል ልጅ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን በእረፍት ሰዓት ከክፍል ባይርቁ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ የምሰጠው ዝም ብለው ለሚያዩት ነው። በእኛ ግሩፕ ውስጥ ስቲከሩን የሠራው አንድ ልጅ ነበር፤ የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀሩት አይተው አለፉ። ልጅቷን በኋላ ስጠይቃት ከስድቡ ይልቅ የጎዳት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ዝምታ ነበር። ጓደኛዋ ደግሞ ደንግጣ እንጂ ንቃ አልነበረም፤ ግሩፕ ላይ ብትከራከር በእሷም ላይ እንዳይሠራ ፈርታ ነው። ለዚህ ፍርሃት መልስ የሚሆነው በአደባባይ መከራከርን ማዘዝ አይመስለኝም፤ ከ12 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ድፍረት መጠበቅ ይከብዳል። ይልቅ ማንም የሚችለውን ነገር አለማምዳቸዋለሁ። አለመሳቅና አለማስተላለፍ አንዱ ነው፤ ለታመነ ትልቅ ሰው መናገር ሌላው ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ለተጎዳችው ልጅ በግል አንድ መልእክት መላክ ይመጣል፤ «አይዞሽ፣ አይቻለሁ፣ ልክ አይደሉም፣ ነገ አብረን እንሂድ»። አይዞሽ የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ አነጋገር በወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ችግሩ ሲመጣ ቃል የሚያጥራቸው ቀድመው ጽፈውት ስለማያውቁ ነው።

ሳይጣሩ ስለሚተላለፉ ወሬዎች

የሐሰት ወሬ የሚሰራጨው በአብዛኛው በፍርሃት፣ በጉጉት ወይም በቁጣ ነው፤ ስለዚህ ይህም የስሜት ትምህርት ነው። ለልጆቹ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ፈተና ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ ከወር ገደማ በኋላ እንደ አዲስ ተሰጥቷል። ያን ጊዜ የሾለከው እውነተኛ ስለነበር፣ ዛሬም «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ላይ ነው፣ በቴሌብር ላኩና እንስጣችሁ» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚታመኑበትን ቀዳዳ አግኝተዋል። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ይህን ስታዩ መጀመሪያ ምን ተሰማችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ሌሎች አግኝተውት እኔ የቀረሁ መሰለኝ» ይላሉ። አታላዩ የሚይዛቸው በዚሁ የመቅረት ፍርሃት መሆኑን ካወቁ በኋላ፣ መጀመሪያ የላከው ማን ነው፣ መቼ ነው የተባለው፣ ባስተላልፈው የሚጎዳ ሰው ከዚህ ግሩፕ አለ ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ማስለመድ ይቀላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ብሔርንና ሃይማኖትን ለሚነኩ ጽሑፎች የተለየ ክብደት አለው፤ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ሦስት ልጆች የሦስት ቋንቋ ቤት ልጆች ናቸውና። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩን፣ በኮምፒውተር አማካይነት ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ይህን የምነግራቸው ግን ፊትን የማየቱን ልምምድ ከጨረስን በኋላ ነው፤ ሕጉ ከቀደመ የሚጠይቁት «እንዴት አይያዝብኝም?» የሚለውን ብቻ ይሆናል።

ስለ መተግበሪያዎቹ ቅንብር (ሴቲንግ) አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ፣ ወደ ግሩፕ የሚያስገባቸው የሚያውቁት ሰው ብቻ እንዲሆን፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫም (ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) እንዲያበሩ ማሳየት በቂ ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ወላጆችና መምህራን ሳያስተውሉት ያልፋል። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን አይፈቅድም፤ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትን አካውንት ከመጀመሪያው ዝግ ያደርጋል፣ የግል መልእክትም ከ16 ዓመት በፊት አይከፍትም። በ2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ዘመኑን ሲጠየቅ በሚያውቀው አቆጣጠር 2004 ብሎ ከሞላ፣ መተግበሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያነበው ዕድሜውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስበልጠዋል። ልጁ ሳይዋሽ ትልቅ ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ለልጆች የተበጀው ጥበቃም ሁሉ ይቀርበታል። የልደት ዘመንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር ይህን ሁሉ የሚያስተካክል የአንድ ደቂቃ ትምህርት ነው።

ነገር ሲበላሽ

እዚህ ላይ ራሴ የሠራሁትን ስህተት መናገር ግዴታዬ ነው። ስቲከሩ እንደደረሰኝ በማግሥቱ ጠዋት ልጁን በሰልፍ ፊት አውጥቼ ይቅርታ አስጠየቅኩት። ከዚያ በፊት ነገሩን የማያውቁ የሌሎች ክፍሎች ተማሪዎች ሁሉ በዚያው ማታ ስቲከሩን ፈልገው አገኙት። ፍትሕ የሰጠኋት መስሎኝ በደሉን ከአንድ ክፍል ወደ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አሰፋሁባት።

አሁን የምሄደው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ የተጎዳችውን ልጅ ብቻዋን አነጋግሬ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ በፊት ማንም አይጠራም። ማስረጃው አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ የተላከው ነገር ከግሩፑ ይጠፋል። በደሉን የፈጸመው ልጅ ለማን ለማን እንዳስተላለፈ ራሱ ዘርዝሮ፣ እያንዳንዳቸውን አጥፉልኝ ብሎ እንዲለምን ይደረጋል፤ ይህ ከማንኛውም ቅጣት ይከብዳል፣ የላከው ነገር እስከ የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ያሳየዋልና። ይቅርታውን እሷ ከፈቀደች፣ በፈቀደችው ቦታ ይጠይቃል፤ ካልፈቀደች አትገደድም። እንደ ሽምግልና ሁለቱንም ወገን ማዳመጥ መልካም ነው፤ ሆኖም ለሽማግሌ ሲባል ይቅር በይ የሚለው ጫና ለልጅ ሲሆን ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ሽምግልና ጨርሶ የማይገባባቸው ጉዳዮችም አሉ። እርቃን ምስል፣ ከትልቅ ሰው የሚመጣ የፎቶ ጥያቄ፣ ማስፈራራትና ገንዘብ መጠየቅ ከተከሰተ መምህሩ ምስሉን ወደ ራሱ ስልክ አይቀበልም፣ ለባልደረባም አያሳይም። ልጁን ወይም ልጅቷን «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ብሎ ካረጋጋ በኋላ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ ያሳውቃል፤ ወደ ፖሊስም ይሄዳሉ።

ወላጆችን በተመለከተ

በወላጅ ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁን ተቆጣጠሩ» ማለት ሰዓት ማባከን ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥተው ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፈው ማታ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ሊሠሩት የሚችሉትን ትንሽ ነገር መንገር ይሻላል። ስልክ ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። «ስልክ ላይ ምን ስታይ ነበር?» ከሚለው ምርመራ ይልቅ «ዛሬ ስልክ ላይ ምን አሳቀህ? ምንስ አስከፋህ?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ችግር ሲናገር ስልኩን መንጠቅ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን፤ አንድ ጊዜ የተነጠቀ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ይህን ሁሉ በቃል ደጋግሞ መንገር፣ ከተቻለም በራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ክረምት ሲመጣ ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ከዝናቡ ተጠልለው ስልክ ላይ ይውላሉ፤ እኛም አናያቸውም። ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት እሰጣለሁ። አንድ ነገር ቢያስጨንቃቸው በሌሊትም ቢሆን ሊቀሰቅሱት የሚችሉትን አንድ ትልቅ ሰው ስም ይጽፉበታል። አይነበብም፣ አይሰበሰብም፤ አጥፈው ይዘውት ይሄዳሉ። የሚጽፉት ስም ያጡትን ግን እስክሪብቷቸው ቆሞ ሲቀር ስለማይ፣ ክፍሉ ሲለቀቅ ከእነሱ ጋር እቀራለሁ።